ለቀጭኑ ጨምሩለት

አማቴ ቤት እሁድ ምሳ ሲቀርብ የጭልፋው መንገድ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ድስቱ ውስጥ ገብቶ ስብ ያለውን ሥጋ ይፈልጋል፤ መቅኔ ያለው አጥንት ካገኘም አይምረውም። ከዚያ ጠረጴዛውን ያቋርጥና ባሌን አልፎ፣ እኔን አልፎ፣ የባሌ ታናሽ ወንድም፣ የዋርሳዬ ሳህን ላይ ይራገፋል። «ብላ፤ አንተ ምን አለብህ፤ ሰውነት የለህ» ይላሉ አማቴ። ባሌ ጋ የሚደርሰው ስቡ ከላዩ የተገፈፈ መረቅና ካሮት ነው። ከካሮቱ ጋር ምክር በነጻ ይጨመርለታል።

እኔ ወደዚህ ቤት በጋብቻ ስገባ ሕጉ ጸንቶ ቆየኝ፤ ማን እንዳወጣው አይታወቅም፣ ሊሽረው ያሰበም አልነበረም። ባሌ ታላቅየው ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ወፍራም ስለሆነ ሰፈሩ «በርሜል» ይለዋል። ታናሹ፣ ዋርሳዬ፣ ቀጭንና ጅማታም ነው፤ እሱን «ሽቦ» ይሉታል። ሁለቱም ቀለም ቀቢዎች ናቸው፤ ሥራ የሚይዙትም አብረው ነው። ሽቦ መሰላል ላይ ወጥቶ ጣሪያውንና ላይኛውን ግድግዳ ይቀባል፤ ባሌ ቀለሙን ይበጠብጣል፣ ከታች ይቀባል፣ መሰላሉን ይይዛል። ሰው ቀለም ቀቢ በእጁ የሚኖር ይመስለዋል። ቀኑን ሙሉ ቀጭን ብረት ላይ የሚቆም ሰው ግን የሚኖረው በእግሩ ነው፤ እግሩ ከከዳው አለቀለት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የሽቦን ነገር ባነሳሁ ቁጥር ሐሳቤ ቀኝ እግሩ ላይ ስለሚያርፍ ነው።

ሽቦን የማይወድ ሰው አላውቅም። እኔና ባሌ ስንጋባ የተከራየናትን ክፍል ሳይነግረን ገብቶ ቀብቶልን ነበር። ከአልጋው ትይዩ ጣሪያው ላይ፣ በጀርባው የተኛ ሰው ብቻ ሊያያት የሚችል አንዲት ቢጫ ወፍ ሣለልኝ። «እትዬ፣ ጋሼ ሲያንኮራፋ ከሷ ጋር አውሪ» አለኝ። እስከ ዛሬ አብረን እናወራለን። ሥራ ላይ ያንጎራጉራል፣ ይቀልዳል፣ የቤቱን ባለቤት አያት ሳይቀር ያስቃል። ጣፋጭ ነገር ደግሞ ሲወድ ለጉድ ነው። ሻዩ ውስጥ ማንኪያው ብቻውን እስኪቆም ስኳር ይከምራል፤ ለስላሳ መጠጥ ከእጁ አይጠፋም። ሰው ሲገረምበት ሸሚዙን ገለጥ ያደርግና እንደ ጡብ የተከፋፈለውን ሆዱን ያሳያል። «እኔ ላይ ማረፊያ የለውም፤ ገብቶ ይወጣል» ይላል።

አማቴ ክፉ ሰው አይደሉም። ይህንንም አሁኑኑ ልናገር፣ ኋላ ሲያናድዱኝ እንዳልረሳው። ሽቦ ያለ ቀኑ ተወልዶ እፍኝ አይሞላም ነበር አሉ። አዋላጇ እንኳን ተስፋ ቆርጣ ሄደች። እሳቸው ግን በጥጥ ጠቅልለው፣ ወተት በጠብታ እያንጠባጠቡ፣ ትንፋሹን በጉንጫቸው እያዳመጡ ለሰው አበቁት። ያን ጊዜ ሆዳቸው ውስጥ የገባው ፍርሃት አልወጣም። ልጁ ጎልማሳ ሆኖ፣ ጢም አብቅሎ፣ መሰላል ተሸክሞ ሲሄድ እያዩት ለእሳቸው ገና ያ እፍኝ የማይሞላው ነው። ስለ ባሌ ግን ያኔ የፈራ አልነበረም። ጡት ሲጎትት ጎረቤት ይሰማ ነበር ይላሉ እየሳቁ። ለእሱ መፍራት የጀመሩት ኋላ ነው፣ ሆዱ ቀበቶውን ሲያልፍ፤ ፍርሃታቸውም በቁጣ ነው የሚወጣው።

ባለፈው ዓመት ወንድማማቾቹ አዲስ የሚከፈት ጂም ሊቀቡ ተዋዋሉ። ባለቤቱን ሰው ሁሉ «አሰልጣኙ» ይለዋል፤ ደረቱ ከሱ ቀድሞ በር የሚገባ ሰው ነው። ሽቦ ሙቀቱ ሲበዛበት ሸሚዙን አውልቆ ጣሪያውን ሲቀባ አሰልጣኙ ከታች ቆሞ አየው።

«ስንት ዓመት ሠራህበት?» አለው።

«ምኑን?»

«ሰውነትህን ነዋ።»

«እኔ የምሠራው ጣሪያ ነው» አለ ሽቦ።

አሰልጣኙ ከመሳቢያው ቁጥር የተጻፈበት የፕላስቲክ መቆንጠጫ አወጣ። የሽቦን የሆድ ቆዳ ያዝ አድርጎ ሲለካው መቆንጠጫው የሚይዘው አጣ። «ስብ የሚባል ነገር የለህም ማለት ይቻላል። ሰው እኮ ለዚህ ነው የሚከፍለኝ» አለ። ከዚያ ለጨዋታ ያህል ወደ ባሌ ዞረ፤ መቆንጠጫው አፉን እስከ መጨረሻው ከፍቶም አልበቃም። የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። ባሌም ሳቀ። ባሌ ሰው ከመሳቁ በፊት ቀድሞ መሳቅ ልማዱ ነው፤ ይህን ልማዱን አልወድለትም።

ጂሙ ሲከፈት የሽቦ ፎቶ ትልቅ ተደርጎ የመስታወቱ በር ላይ ተለጠፈ። ክንዱን አጣጥፎ፣ ሆዱ በዘይት ተወልውሎ፣ ወደ መንገዱ ይመለከታል። ከጎኑ ግድግዳው ላይ «ጤና ማለት ይህ ነው» የሚል በትላልቅ ፊደላት ተጻፈ። ጽሑፉን በብሩሽ የጻፈው ባሌ ነው፤ ፊደል ሲጥል እጁ ያምራል።

የአሰልጣኙ ነገር ግን በጽሑፉ አላበቃም። ባሌን ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «አንተ ግን ወንድሜ፣ ጊዜ ሳለ ተመርመር» ብሎት ኖሯል። ይህ ወሬ አማቴ ጆሮ ሲደርስ ቤቱ ተረበሸ። በማግስቱ ባሌን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ። ሽቦም አብሮ ሄደ፣ የወንድሙን ጃኬት ሊይዝለት። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ የዚያን ቀን የሆነውን ኋላ ከሦስቱም አፍ ለቃቅሜ ነው የሰበሰብኩት።

ወረፋ ሲጠብቁ ሽቦ ትልቅ ጠርሙስ ውሃ ጨርሶ ሌላ ገዛ። ሽንት ቤት ሄዶ ሳይቀመጥ ደግሞ ይሄዳል። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ በበሩ በኩል አየችው። ባሌን መርምራ ስትጨርስ «አንተም ና፣ ደም ስጥ» አለችው።

«እኔ የመጣሁት ጃኬት ልይዝ ነው» አለ ሽቦ።

«ይሄ ምን ሆነና ነው ልጄ፤ ያለችውን ደም አትውሰጅበት» አሉ አማቴ።

ቢሆንም ሰጠ። ውጤቱ ሲደርስ ሐኪሟ ሦስቱንም አስገብታ ነገረቻቸው። የባሌ ስኳር ደህና ነው፣ ግፊቱም ደህና ነው፤ ክብደቱን ቢቀንስ ለጉልበቱ ይበጀዋል። «አንተ ግን» አለች ወደ ሽቦ ዞራ፣ «ስኳር አለብህ። የቆየም ይመስለኛል። እግርህን ይደነዝዝሃል?»

«መሰላል ላይ ስለምውል ነው» አለ ሽቦ።

ክኒን ሰጠችው። ምን እንደሚበላና ምን እንደሚተው ነገረችው፤ እግሩን በየቀኑ እንዲያይ፣ ጫማው ውስጥ እጁን ከቶ ሳይፈትሽ እንዳያደርግ፣ ከወር በኋላም እንዲመለስ አስጠነቀቀችው። ሦስቱም «እሺ» ብለው፣ አመስግነው ወጡ።

ከግቢው እንደወጡ አማቴ መንገድ ላይ ቆሙ። «ልጅቷ ተሳስታለች» አሉ። የሁለቱም የአባት ስም አንድ ነው፤ የሁለቱም ልብስ ቀለም የነካው ነው፤ ስለዚህ ደሙን ቀያይራዋለች። እንዲያውም ጥርጣሬ እንዳይቀር ብለው ጥግ ላይ ካለው ሱቅ ባለሱቁን ጠሩት። «አንተ ልጅ፣ ከነዚህ ከሁለቱ አንዱ ስኳር አለበት ቢሉህ ማንኛው ነው ትላለህ?» ባለሱቁ ሳያመነታ ባሌ ላይ ጣቱን ቀሰረ። ከዚህ ወዲያ ምስክር አላስፈለገም።

ተመልሰው ለምን ሐኪሟን አልጠየቋትም? ይህን ስጠይቅ የሰጡኝ መልስ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ልጅቷ አዲስ ሠራተኛ ስለሆነች አለቆቿ ፊት እንዳትዋረድ አዝነውላት ነው። አማቴ «የሰው ልጅ እንጀራ አናበላሽም» አሉ፤ ልጆቻቸውም ተስማሙ። መድኃኒቱ ከሽቦ ኪስ ወጥቶ ባሌ ኪስ ገባ። ክልከላውም ሁሉ ወደ ባሌ ዞረ።

ሽቦ ቀለል አለው። ውሸታም አይደለም፤ ከልቡ ነው ያመነው፣ ማመን ስለጠቀመው። «አይዞህ ጋሼ፣ እኔ አስታውስሃለሁ» አለ። በእርግጥም ቃሉን ጠበቀ። በየማለዳው ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ውሃ በኩባያ ቀድቶ «ጋሼ፣ ክኒንህ» እያለ ለወንድሙ ያቀብለዋል። ባሌ ይውጣል። ባሌ ለምን እንደዋጠ ደግሞ እኔ ነኝ የማውቀው። ሕይወቱን ሙሉ አንድ ቀን ትታመማለህ ሲባል ኖሮ ነበር። በሽታው መጣ ሲሉት እንግዳ አልሆነበትም፤ ቀጠሮ ያለው ሰው የደረሰ ነው የመሰለው።

ለእኔ አልነገሩኝም። «ምን አለች ሐኪሟ?» ስለው «ቀንስ አለችኝ» አለ። እኔም ይህችን ለመስማት ሐኪም ዘንድ መሄድ አያስፈልግም ብዬ ተውኩት።

በዚያ ሰሞን ሽቦ ይበልጥ እየቀጠነ ሄደ። ጉንጩ ገባ፤ የክንዱ ደም ሥር እንደ ገመድ ወጣ። አሰልጣኙ መንገድ ላይ ሲያገኘው «አንተ ሰውዬ፣ ጭራሽ ቆራረጥከው እኮ፣ ምን እየሠራህ ነው?» እያለ ይቀናበታል። የጂሙ ልጆች ምን እንደሚበላ ይጠይቁታል። አማቴ ደግሞ ልጄ ሟሸሸ ብለው ጭልፋውን አጠነከሩ፤ በእሁዱ ላይ የረቡዕ እራት ጨመሩለት፣ ሥጋው ላይ ቅቤ ደረቡበት። እዚያ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰው የሌላውን መድኃኒት እየዋጠ ይራባል፣ ሌላው ደግሞ በሽታውን በጭልፋ ይጨመርለታል። መሐል ላይ ተቀምጬ ዳቦ የምቆርሰው እኔ ነበርኩ፤ የማውቀው ነገር አልነበረም።

እኔ የምሠራው የሆቴል አንሶላና ፎጣ በሚያጥብ ላውንደሪ ውስጥ ነው። ባሌ ሥራው ቀደም ብሎ ካለቀ በሩ ላይ ይጠብቀኛል። አንድ ቀን ስወጣ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ሸሚዙ ከገንዳ የወጣ አንሶላ ያህል ረጥቧል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል።

«ምን ሆነሃል?» አልኩት።

«ምንም። ፀሐይ መታኝ መሰለኝ።»

ሰማዩ ደመና ነበር። እጁን ስይዘው በረዶ ነው። አብራኝ አንሶላ የምታጥፈው ልጅ ሮጣ ሄዳ ከሱቅ ለስላሳ አመጣች። አፉ ጋ ሳደርስለት ጭንቅላቱን መለሰ።

«እሱን አልጠጣም፤ ስኳር አለው።»

«ቢኖረውስ?»

«ተከልክያለሁ።»

«ማን ነው የከለከለህ?»

«ሐኪሟ። ማለቴ… የከለከለችው ሽቦን ነው። ግን ለእኔ ነው።»

የሚቃዥ መሰለኝ። አገጩን ይዤ እንደ ልጅ አጠጣሁት፤ ግማሹ ደረቱ ላይ ፈሰሰ። ቆይቶ ቀለሙ ሲመለስ፣ ዓይኑ ሲያየኝ፣ ከደረት ኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለ ክኒን አወጣና ነገሩን ሁሉ ነገረኝ። ጠዋት ቁርስ አልበላም፤ ምሳም አልበላም፤ ክኒኑን ግን ውጧል።

«ለምን ደበቅከኝ?»

«አንቺም ‹አላልኩህም?› እንዳትይኝ ብዬ» አለ።

እኔ ለዚህ ሰው ስለ ሰውነቱ አንድ ቀን ክፉ ቃል ተናግሬው አላውቅም። ሌላው ሁሉ ስለተናገረው የእኔን ዝምታ ተራ መጠበቅ አድርጎ ቆጥሮት ኖሯል። መንገድ ላይ ማልቀስ ስለማልወድ ተናደድኩ፤ ስናደድ ይቀለኛል።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ሐኪሟ ክኒኑን አይታ፣ ባሌን አይታ፣ ነገሩ ሲገባት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «መድኃኒት በወገብ ስፋት ነው እንዴ የምታድሉት?» አለች። ደሙን እንደገና መረመረችው። በሽታ የለበትም፤ ጤነኛ ሰው የስኳር ማውረጃ እየዋጠ ምግብ በመተዉ ነው ሊወድቅ የነበረው።

«ወንድሙ እኮ ቅንጣት ስብ የለውም» አልኳት። እኔም እንደ ሰዉ ነበርኩ፤ የማየውን ነው የማምነው።

«ከቆዳው ሥር የለውም» አለች። «ስብ ሁሉ ግን ከቆዳ ሥር አይደለም የሚቀመጠው። ጉበት ላይ፣ ሆድ ዕቃ ዙሪያ የሚከማች አለ፤ ዓይን አያየውም፣ በእጅ አይቆነጠጥም። ቀጭን ሰውም ይኖረዋል። ስኳር ደግሞ ቀጭን ወፍራም ብሎ አይመርጥም። አሁን እየቀጠነ ከሆነ በሽታው ነው እያቀጠነው።» ከዚያ ወደ ባሌ ዞረች። «ያን ቀን ተጠራጥራችሁ ከሆነ ለምን አልጠየቃችሁኝም?»

«እንዳትሳቀቂ ብለን ነው» አለ ባሌ አንገቱን ደፍቶ።

«ወንድምህን ዛሬውኑ አምጡልኝ» አለች ሐኪሟ።

በቀጥታ ወደ ሥራ ቦታቸው ሄድኩ። የአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነጭ እየቀቡ ነበር። ሽቦ መሰላሉ ጫፍ ላይ ነው፤ መሰላሉን ግድግዳ ላይ አስደግፎታል፣ የሚይዝለት ወንድሙ ከእኔ ጋር ስለነበር።

«ሽቦ፣ ውረድ» አልኩት።

«ምነው እትዬ፣ ማን ሞተ?»

«ስኳሩ ያንተ ነው። ሐኪሟ አልተሳሳተችም።»

ሳቀ። መሰላሉ ላይ እንደቆመ በአንድ እጁ ሸሚዙን ሰበሰበ። «እስቲ እዪኝ። እዚህ ላይ ስኳር የት ይቀመጣል?»

«ውስጥህ ይቀመጣል። ውረድና እንሂድ።»

«ይቺን ጣሪያ ልጨርስና እሄዳለሁ። ወንድሜ ነጻ በመውጣቱ ደስ ብሎኛል፤ ስሙ ሲጸዳለት የእኔን ማቆሸሽ ምንድን ነው?» አለ። እየቀለደ ነው፤ ዓይኑን ግን ከዓይኔ አሸሸ። ያኔ ነው የፈራሁት። ኋላ እንዳወቅነው፣ እግሩ ከደነዘዘ መቆየቱን፣ ጣቶቹን የራሱ ያልሆኑ ያህል እንደሚጎትታቸው፣ ለማንም አልተናገረም ነበር። ፎቶው በር ላይ የተለጠፈ ሰው እንዲህ ብሎ ከማን ጋር ያወራል?

አማቴ እንዲገፋፉልኝ ብዬ ወደ እሳቸው ሄድኩ። «አንቺ ሙሽሪት» አሉኝ፤ ካገባሁ ስንት ዘመኔ፣ ሲቆጡ ግን ዛሬም ሙሽሪት ነኝ። «የባልሽን በሽታ ልጄ ላይ አታራግፊ። እዪው እስቲ፤ ምን ያለው አካል ነው ይህ?»

«እማማ፣ ሐኪሟ የባሌን ደም ሁለት ጊዜ መርምራለች፤ ንጹሕ ነው።»

«ሁለት ጊዜ ትሳሳታለቻ።»

ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። ባሌ ክኒኑን መልሶ ለወንድሙ ሰጠው፤ ወንድሙም ተቀብሎ ኪሱ ከተተው፤ ከዚያ ኪስ አልወጣም። ጣሪያው ሲያልቅ መተላለፊያው ተጀመረ፤ መተላለፊያው ሲያልቅ ይሄዳል ተባለ። ባሌ በየቀኑ ይለምነዋል፤ ለምኖ ሲደክመው ይቆጣዋል። በዕድሜው ታናሹን ተቆጥቶ አያውቅም ነበር፤ አያውቅበትም፣ ድምፁ ይሰነጠቅበታል።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ባሌ ቀለም ሊገዛ ሄዶ ሲመለስ ወለሉ ላይ የተነጠፈው ላስቲክ ላይ ቀይ ዱካ አየ። የባለጉዳይ ወለል የተበላሸ መስሎት ጮኸ።

«ቀይ ቀለም ማን ከፈተ?»

«እኔ አልነካሁም» አለ ሽቦ ከላይ፣ እያንጎራጎረ።

ዱካው ከበሩ ተነስቶ መሰላሉ ሥር ይደርሳል። ከዚያ መሰላሉ ላይ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ብረት ላይ የጫማ ግማሽ የሚያህል ቀይ አለ። ባሌ ባልዲዎቹን አንድ በአንድ አያቸው። የዚያን ቀን ያመጡት ነጭ ብቻ ነበር።

ሽቦን በወገቡ ይዞ አወረደው። ጫማውን ሲያወልቀው ከአሮጌ ሳንቃ የተረፈ ሚስማር ሶሉን በስቶ እግሩ ውስጥ ገብቷል። ሽቦ ቁልቁል አየው፣ የሌላ ሰው እግር እንደሚያይ። አልተሰማውም። መቼ እንደረገጠው፣ ስንት ጊዜ በሱ ላይ ወጥቶ እንደወረደ አያውቅም። ከሚስማሩ አጠገብ፣ አውራ ጣቱ ሥር ደግሞ የቆየ፣ የጠቆረ ሌላ ቁስል ነበር። ስለሱም አያውቅም ነበር።

ሆስፒታል ብዙ ሞከሩለት። ጥቁረቱ ግን ወደ ላይ መውጣቱን አልተወም፤ ስኳሩም አልበርድ አለ። በመጨረሻ ሐኪሙ እኛን ኮሪደር ላይ ጠርቶ፣ ሕይወቱን ለማትረፍ የእግሩ ፊተኛው ግማሽ መቆረጥ እንዳለበት ነገረን። ባሌ ግድግዳውን ተደገፈ። አማቴ የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው ሐኪሙን ከሥር ወደ ላይ አዩት።

«ምግብ እኮ አላጓደልኩበትም» አሉ።

«አውቃለሁ እናቴ» አለ ሐኪሙ።

እኔ ለሳቸው ያስቀመጥኩት ብዙ ቃል ነበረኝ፤ ያን ቀን ሁሉንም ዋጥኩት።

ሽቦ ከተኛበት ሳይነሳ በጂሙ በር አለፍኩ። ፎቶው ክንዱን አጣጥፎ ይመለከተኛል። ገባሁና አሰልጣኙን እንዲያወርደው ጠየቅሁት። ስለ እግሩ አልሰማም ነበር፤ ስነግረው ከልቡ ደነገጠ፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ ቀና ብሎ «ግን እኮ ፎቶው ከወገብ በላይ ነው» አለኝ። ትቼው ወጣሁ። ፎቶው ዛሬም እዚያው ነው፣ የባሌ ቆንጆ ፊደላትም ከጎኑ ናቸው።

አሁን መሰላል ላይ የሚወጣው ባሌ ነው። መጀመሪያ የወጣ ዕለት ብረቱ ሲንቋቋ ልቤ አብሮ ተንቋቋ፤ እሱ ግን ጣሪያው ጋ ደርሶ ብሩሹን ነከረ። ሽቦ ከታች የተገለበጠ ባልዲ ላይ ይቀመጣል፤ ምርኩዙን ግድግዳ ላይ አስደግፎ መሰላሉን በሁለት እጁ ይይዛል። ክኒኑን ራሱ ይውጣል። ማንጎራጎሩን ትቷል። ከላይ ነጠብጣብ ሲወርድበት አይጠርግም፤ ፀጉሩ ነጭ ሆኖ ወደ ቤት ይሄዳል።

ባለፈው እሁድ ከዚያ ሁሉ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አማቴ ቤት ምሳ በላን። ሽቦ በተሠራለት ጫማ እያነከሰ ገብቶ የዱሮ ቦታው ተቀመጠ። ለስላሳ አልቀረበም። ስለ ሥራ፣ ስለ ዝናብ አወራን። አማቴ ድስቱን ከፈቱ፤ ጭልፋው እንደ ልማዱ ወርዶ ስብ ያለውን ሥጋ ፈልጎ አገኘ፤ ጠረጴዛውን ማቋረጥ ጀመረ። ባሌን አለፈ፤ እኔን አለፈ፤ እዚያ ላይ ቆመ።

አማቴ እጃቸውን አዩት። መረቁ የጠረጴዛው ልብስ ላይ ይንጠባጠባል። ወደ ሽቦ መቀጠል አይችሉም፤ ወደ ድስቱ መመለስም አቃታቸው። ያ እጅ ልጁ በጥጥ ተጠቅልሎ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ፍቅሩን በዚህ መንገድ ብቻ ነው የላከው፤ ሌላ መንገድ አላወቀም። ሽቦ ሳህኑን ያያል። እኔም ተናድጄባቸው ከማውቀው በላይ አዘንኩላቸው።

«እማዬ፣ ለእኔ አድርጊልኝ» አለ ባሌ።

ሳህኑን በሁለት እጁ አንስቶ ዘረጋ። ፀጉሩ የሸበተ ሰውዬ ነው፤ አዘረጋጉ ግን ወረፋ እንደደረሰው ተማሪ ነው። አማቴ ፊቱን አዩት፤ ቆይተው አዩት። ከዚያ ጭልፋው ወረደለት።

ባሌ ስቡን ቆርጦ አፉ ውስጥ ከተተና አኘከ። ፊቱን ስለማውቀው ወዲያው ገባኝ፤ ስብ አይወድም። ቤት ተነፍጎት፣ ውጭ ደግሞ ሰው ያየኛል ብሎ ፈርቶ፣ ሳይቀምሰው ስለኖረ እሱም አያውቅም ነበር። ሽቦ ከማዶ «ጋሼ፣ ውሃ ላቀብልህ?» አለው፣ ክኒኑን ያስውጠው እንደነበረው። ባሌ «አይ» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እናቱ እያዩት ስለነበር እስከ መጨረሻው በላው።